ካርቶኑ ላይ የቆመችው ዶሮ

የሚዛን ተፈሪ ዝናብ ኅዳር ገብቶም አልቆረጠም ነበር። ማለዳ ማለዳ ጉሙ ከተራራው ወርዶ በቡናው መሀል ይተኛል፤ ረፋዱ ላይ ፀሐይ ብቅ ስትል ሰው ሁሉ ከተሰጣው ቡና ላይ ላስቲኩን ይገፋል። ወርቅአፈራሁም የራሷን ገፍታ፣ ከእንጨትና ከሽቦ ወንፊት በተሠራው ማስጫ አልጋ ላይ ቀዩን ቡና በመዳፏ እያገላበጠች ሳለ ባሏ ገሠሠ ከገበያ ገባ። ጨውና ሳሙናውን ያመጣው በባዶ የእንቁላል ካርቶን ነበር።

«ይኼን ከየት አመጣኸው?»

«ከሱቅ ነዋ! ዕቃ መያዣ አጣሁ ብለው ሰጠኝ። ምነው?»

ወርቅአፈራሁ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ካርቶኑን ወደ ብርሃን አዞረችው። አንዲት ቀይ ዶሮ ከቡና ዛፍ ሥር አንገቷን ቀና አድርጋ ቆማለች። ከራሷ በላይ «ነፃ ዶሮ» ይላል። ከእግሯ በታች ደግሞ፦ «በቡና ጥላ ሥር እየሮጠች በደስታ የምትውል ዶሮ እንቁላል። ለእንስሳት የሚራራ፣ ለተፈጥሮ የሚስማማ።» መጨረሻው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል፣ የአምራቿ ስም። ዲቦራ።

አጥር የምትጋራት ዲቦራ። የሠርጓ ዕለት አጠገቧ ቆማ ላቧን በመሀረብ ስትጠርግላት የነበረችው፣ ሚዜዋ ዲቦራ።

«በደስታ?» አለች ወርቅአፈራሁ። «በደስታ መዋሏን በምን አወቀች? ዶሮዋ ነች የነገረቻት?»

«እኔ ምን አውቄ። ሂጂና ጠይቂያት።»

«ዲቦራን?»

«ዶሮዋን» አለና ገሠሠ ጨውና ሳሙናውን ይዞ እየሳቀ ወደ ጓዳ ገባ።

እሷ አልሳቀችም። ካርቶኑን ደረቷ ላይ ይዛ ቆመች። ዘጠኙ ዶሮዎቿ ከእንሰቱ ሥር በየቦታቸው ሆነው ይንጫጫሉ። ቁርሳቸውን ረስታባቸዋለች። የበቆሎ ሽርክት በጉፍታዋ ቋጥራ ሄደችና እንደ ልማዷ ለእያንዳንዷ ፊት ለፊቷ በተነችላት።

የወርቅአፈራሁ ዶሮዎች ዘር አላቸው። ከማጂ ስትዳር አባቷ የሰጧት ከብት አልነበረም፤ የሰጧት አንዲት ቀይ ቄብ ነበረች። ቄቧን በቅርጫት ይዛ፣ ጭቃውንና ዳገቱን ሁሉ አቅፋት መጣች። መኪናው ሲንገጫገጭ ዶሮዋ እንዳትደነግጥ ታንጎራጉርላት ነበር፤ ሹፌሩ ሙሽራዋ ለራሷ የምታለቅስ መስሎት እስኪያዝን ድረስ። ዛሬ ከእንሰቱ ሥር ያሉት ሁሉ የዚያች ቄብ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ናቸው።

ወርቅአፈራሁ የዘፈን ድምፅ ነበራት። ሠርግ ቤት ስትጠራ ግጥሙን እዚያው እየፈጠረች የምታወርድ፣ ሙሽሪትንም አማቲቱንም ባንድ ስንኝ የምታስለቅስ ሴት ነች። ሰው ግን ስሟን የሚያነሳው በዘፈኗ ብቻ አልነበረም። ከከተማው ቤተ ክርስቲያን ዝቅ ብሎ ባለው ፔንሲዮን ውስጥ፣ ባለቤቲቱ እትዬ በየነች ለእንግዳ ቁርስ ሲያቀርቡ «ብላ ልጄ፤ ይኼ የወርቄ እንቁላል ነው» ይሉ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እንዲያ አሉ። ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ፣ ከቴፒ የመጣ ነጋዴ፣ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር የመጣ ወጣት ሁሉ፣ ፊቷን ሳያይ ስሟን በልቶ ሄዷል። ወርቅአፈራሁ ልጅ አልወለደችም። ስሟ የሚጠራበት አንድ ገበታ ነበራት፤ እሱ ነው።

እትዬ በየነች አምና አረፉ። ፔንሲዮኑን ልጃቸው ባስልኤል ያዘው። ደግ ልጅ ነው፤ ነገር ግን የሱ ዘመን በአፍ አይናገርም፣ ይጽፋል። በያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ጠንካራ ወረቀት ሊያቆም ነው፤ ማሩ ከየት እንደመጣ፣ ቡናው የማን እንደሆነ፣ እንቁላሉ የማን እንደሆነ የሚል። በኅዳር ማብቂያ ቡና ገዢዎች ከውጭም ከአዲስ አበባም ይመጣሉና ይኼን ይጠይቃሉ አለ። ለእንቁላሉ አንድ ስም ብቻ ይጻፋል። ያንዷ ስም።

ያ ስም የማን ሊሆን እንደሚችል ወርቅአፈራሁ እስከ ዛሬ ጠይቃ አታውቅም ነበር።

ቅናት ጥርስ መሀል እንደ ቀረ የሥጋ ጅማት ነው የሆነባት፤ ምላስ ሄዶ ሄዶ እሱኑ ይነካካል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የዲቦራ ነገር ሁሉ ከልኩ በላይ ታያት። የዲቦራ ቆርቆሮ ከሷ ቆርቆሮ ይልቅ ያበራል። የዲቦራ ጎመን ሲቀቀል ሽታው አጥር ዘሎ ይመጣል፤ የሷ ግን የትም አይሄድም። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የዲቦራ ነጠላ ጥለት ዓይኗን ወጋት። ያንን ጥለት አብረው ነበር የመረጡት፤ እንዲያውም «ይኼኛው ላንቺ ያምራል» ያለቻት ራሷ ነበረች። አሁን ያንን ቃሏን ልትመልሰው ፈለገች።

ሳቋም አስቀናት። ዲቦራ ስትስቅ ከሆዷ ነው፤ በአጥሩ በኩል ሳቋ ሲመጣ ወርቅአፈራሁ ቡናውን እያገላበጠች እንዲህ ስትል ራሷን ሰማች፦

*አጥር የምንጋራ፣ ጥላ የምንጋራ፣*
*ስሜን ነጠቀችኝ የልቤ ባልንጀራ።*

«እንዴ ወርቄ!» አለ ገሠሠ ከበሩ ላይ። «ሰው የሞተ መሰለኝ እኮ!»

«ሰው አልሞተም። ቡናህን አገላብጥ።»

ሦስተኛው ቀን ላይ አንድ ነገር ጆሮዋ ገባ። የዲቦራ ዶሮዎች ይሰማሉ፤ አይታዩም። አርባ የፈረንጅ ዶሮ አላት። ሰኔ ላይ አጥሩን እየሾለኩ መጥተው የወርቅአፈራሁን ጎመን ጨርሰዋል፤ ያኔ ወርቅአፈራሁ ተጣልታ፣ ተሳድባ፣ በድንጋይ መልሳቸዋለች። አሁን ግን አንዲትም ላባ በቡናው ሥር አትታይም። ድምፃቸው የሚመጣው ከጓሮው የጭቃ ቤት ውስጥ ነው።

የወርቅአፈራሁ ልብ ደስ ብሎት ዘለለ። እንዲህ ባለ ነገር ደስ ሲላት ትንሽ አፈረች፤ ቢሆንም እግሯ ተነስቶ ሄደ።

«ዲቦራዬ፣ ወንፊት አለሽ?»

«ምን ልታደርጊበት? ያንቺ የት ሄዶ?»

«ተቀደደብኝ» አለች፤ ወንፊቷ ከግድግዳዋ ላይ ደህና ሆኖ ተሰቅሎ።

ዲቦራ ወንፊቱን ልታመጣ ስትገባ፣ ወርቅአፈራሁ ወደ ጓሮው ሄዳ በጭቃው ቤት ስንጥቅ ዓይኗን ሰደደች። አንድ አምፖል በቀን ይበራል። አርባዎቹ ትከሻ ለትከሻ ቆመዋል። መስኮቱ በማዳበሪያ ጆንያ ተከድኗል። ሽታው ዓይን ያስነባል። አንደኛዋ፣ ጀርባዋ ላባ ያጣ፣ በቀጥታ ስንጥቁን አየችው፤ ወይም ያየቻት መሰላት።

ወንፊቱን ተቀብላ፣ አመስግና፣ ቤቷ ሳትገባ በቀጥታ ባጃጅ ተሳፍራ ወረደች።

ባስልኤል ከፔንሲዮኑ በር ላይ የጠረጴዛ ልብስ ያሰጣ ነበር። «እትዬ ወርቄ! ምነው በሰላም? ይግቡ እንጂ፣ ቁጭ ይበሉ።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ልጠይቅህ ነው የመጣሁት፤ ያን የዲቦራን ካርቶን አይተኸዋል አይደል?»

«አይቼዋለሁ። ያምራል። እውነቱን ልንገርዎት፣ እንግዶቹ የሚወዱት እንዲህ ያለውን ነው።»

«የተጻፈውን ማን አይቶ ነው የጻፈው? አንተ ሄደህ አይተሃል? ማን ሄዶ አየ?»

ባስልኤል የጠረጴዛ ልብሱን ይዞ ቆመ። እንዲህ ያለ ጥያቄ መጥቶበት አያውቅም ነበር።

«ነገ ጠዋት ና» አለችው። «ለማንም ሳትናገር ና። አይተህ ጻፍ።»

ስትመለስ በመንገዱ ሁሉ ሠርግ ቤት እንደምትሄድ ሆና ተራመደች። ለገሠሠ አልነገረችውም። ያን ቀን ቡናው እንኳ ይበልጥ ቀልቶ ታያት።

ባስልኤል በማግስቱ ጉሙ ሳይገለጥ መጣ። ወርቅአፈራሁ ነጠላዋን ለብሳ ጠበቀችው፤ ጎን ለጎን ሆነው የዲቦራን በር አንኳኩ። ዲቦራ በሩን ስትከፍት ትደነግጣለች፣ ትቀላለች፣ ቃል ታጣለች ብላ ስትጠብቅ ነበር ያደረችው።

ዲቦራ ግን በሙሉ ፊቷ ሳቀች። «ባስልኤል! ግባ ልጄ፣ ግባ። ወርቄም አብረሽው መጣሽ? ወንፊቱን ልትመልሺ ነው?»

«ዶሮዎቹን ለማየት ነበር የመጣሁት፣ እትዬ ዲቦራ» አለ ባስልኤል፣ ትንሽ ተሽኮርምሞ።

«ና እይ። ምን እደብቅሃለሁ?» ሄዳ የጭቃውን ቤት በር ብድግ አድርጋ ከፈተችው። ሽታው ሦስቱንም በፊታቸው መታቸው። ባስልኤል አየ። ለረጅም ጊዜ አየ።

«ካርቶኑ ይሮጣሉ ይላል እኮ።»

«ሰኔ ላይ ይሮጡ ነበር! ወርቄ ምስክሬ ነች፤ ጎመንሽን ጨረሱት ብላ በድንጋይ አላባረረቻቸውም? ፎቶውም የተነሳው ሰኔ ላይ ነው። አሁን ግን ቡና ተሰጥቷል፤ ልልቀቃቸው? ኩስ የነካውን ቡና ማን ይገዛኛል?»

«ታዲያ አሁን ኅዳር ነው።»

«በየወሩ ካርቶን ላሳትም?»

«ማነው አይቶ የፈቀደልዎት? ‹የሚራራ›፣ ‹የሚስማማ› የሚለውን?»

«ኧረ ማን ያያል ልጄ? ኮፒ ቤቱ ሄድኩ፤ ምን ልጻፍልሽ አለኝ፤ የዶሮ እርባታ ሥልጠና ላይ የሰማሁትን ነገርኩት፤ ጻፈልኝ። ‹በደስታ› የምትለዋን እሱ ነው የጨመራት። ያምራል አለኝ።»

ወርቅአፈራሁ ልትስቅ ምንም አልቀራት። አለቀ፤ ተሸነፈች፣ አለች በልቧ። ከጠረጴዛው ወረቀት ላይ የራሷ ስም፣ በሚያምር ፊደል ተጽፎ ታያት።

ዲቦራ ግን ወገቧን ይዛ ወደሷ ዞረች። ሳቋ ከፊቷ አልጠፋም። «የኔን አየህ። የወርቄንስ አይተሃል? በዚች ቀዳዳ እንለፍ፤ ቅርብ ነው። ወርቄ፣ ቅር አይልሽም አይደል?»

«ምን ቅር ይለኛል! የኔ ዶሮዎች ቤት አልተዘጋባቸውም፣ ጆንያ አልተከደነባቸውም። ይምጣ ይይ!»

በአጥሩ ቀዳዳ አጎንብሰው አለፉ፤ እሷ ከፊት፣ ባስልኤል ተከትሎ፣ ዲቦራ ከኋላ። ወርቅአፈራሁ ከእንሰቱ ሥር እንደ ዘወትሩ ቀሚሷን ሰብስባ፣ እግሯን እያነሳች እያሳለፈች ሄደች። ድንገት ከኋላዋ የዶሮ ጩኸት ተሰማ፤ ባስልኤልም ተንገዳግዶ የእንሰት ግንድ ላይ ተደገፈ።

«ገመዱን!» አለች ወርቅአፈራሁ ዘወር ብላ። «ገመዱን ተጠንቀቅ እንጂ!»

ቃሉ ከአፏ ወጥቶ አየር ላይ ቆመ። ባስልኤል ወደ እግሩ ተመለከተ። አንድ ክንድ ተኩል የሚሆን የቃጫ ገመድ፤ አንዱ ጫፉ ከእንሰቱ ጉቶ፣ ሌላው ጫፉ ከቀይ ዶሮ እግር። ከዚያ ሌላ ጉቶ፣ ሌላ ገመድ። ዘጠኝ ጉቶ፣ ዘጠኝ ገመድ። በያንዳንዷ ዶሮ ዙሪያ መሬቱ ተጭሮ ተጭሮ ሣር የሌለው ክብ ወጥቶለታል።

ማጂ ውስጥ እናቷ ቡና ሲሰጣ ዶሮ ያስሩ ነበር። እዚህም ቤት አማቷ ያስሩ ነበር። ከመስቀል በኋላ ዶሮ ይታሰራል፣ ጥር ሲገባ ይፈታል፤ ዝናብ እንደሚመጣና እንደሚሄድ። ወርቅአፈራሁ በሕይወቷ አንድም ቀን «ዶሮ አሰርኩ» ብላ አታውቅም። «ቡና ተሰጣ» ነው የምትለው። ከትናንት በስቲያ፣ ትናንት፣ ዛሬ ጠዋትም፣ በነዚያ ገመዶች ላይ እየተሻገረች ስለ ዲቦራ ዶሮዎች እስር ስትበግን ነበር።

«እናቴ ታውቅ ነበር?» አለ ባስልኤል ቀስ ብሎ።

«እናትህ…» አለች። እትዬ በየነች በየኅዳሩ እንቁላል ሊወስዱ መጥተው እንዲሁ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ሲሻገሩ ታዩዋት። «ታውቅ ነበር። እኛ ግን ነፃ ናቸው አላልንም። ምንም አላልንም።»

ዲቦራ አሁን አልሳቀችም። የአጥሩን ቅጠል ይዛ መሬት መሬት አየች፤ ይኼ ጨዋነቷም ወርቅአፈራሁን አስቀናት፤ ብትስቅባት ይሻላት ነበር።

ባስልኤል ጭቃውን ከጫማው አራገፈ። «እትዬ ወርቄ፣ እንዳይቀየሙኝ። እንግዶቹ የሚያነቡት ነገር ይፈልጋሉ። የእትዬ ዲቦራ ተጽፎ ያለቀ ነው።»

«ውሸት ነው እኮ! በዓይንህ አየህ!»

«አየሁ። የእርስዎ ቢጻፍስ ምን ተብሎ ይጻፋል?»

መልስ ፈለገች። ሠርግ ቤት ውስጥ፣ መቶ ሰው እያያት፣ ስንኝ አጥታ የማታውቅ ሴት፣ አንድ ቃል አጣች። ልጁ እጅ ነስቶ ሄደ። የገበታው ስም ከሱ ጋር ሄደ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ሰዓት ከማስጫው አልጋ አጠገብ ተቀመጠች። የዲቦራን ካርቶን ልትቀደው አንስታ ሥዕሏን አየቻት። ቀይ ነች፤ የማጂዋን ቄብ ትመስላለች። እግሯ ግልጥ ብሎ ይታያል፤ ቀጭን፣ ቢጫ፣ ምንም ያልነካው እግር።

ወርቅአፈራሁ ካርቶኑን አስቀምጣ ወደ ቅርቧ ዶሮ ሄደች፤ ተንበረከከችና እግሯን ያዘች። ገመዱ የታሰረበት ቦታ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ነጭ ቀለበት ሠርቶ ነበር። በጣቷ ዳሰሰችው። ያን ቀለበት ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ አይታዋለች፤ ዶሮ ሲፈጠር አብሮት የመጣ ይመስላት ነበር። ቋጠሮው ስለ ጠነከረባት በጥርሷ ፈታችው።

ዶሮዋ አልሄደችም። አንድ ክንድ ተኩል ተራመደች፣ ቆመች፣ ዞረች፤ እዚያው በራቁቱ ክብ ዙሪያ፣ ገመድ የሌለበትን ገመድ እየጎተተች ተሽከረከረች።

ያኔ ወርቅአፈራሁ አለቀሰች። አልቅሳ ስታበቃ የቀሩትን ስምንት ፈታች።

ገሠሠ ከቡናው ማሳ ሲመለስ ሚስቱ ረጅም የሸምበቆ ዘንግ ይዛ፣ በርጩማ ላይ፣ ከአልጋው ጫፍ ተቀምጣለች። ሁለት ዶሮ ቡናው ላይ ወጥተዋል።

«አንቺ ሴትዮ አብደሻል? ቡናው!»

«እየጠበቅሁት ነው። እሽ! ውረጂ!»

«እስከ ጥር ድረስ እንዲህ ልትቀመጪ?»

«እስከ ጥር ድረስ። የቻልኩትን እጠብቃለሁ፤ የተበላሸውን እለቅማለሁ። አንተ ደግሞ ነገ እንጨት አምጣና አልጋውን ከፍ አድርገው።»

ገሠሠ ፊቷን አየና ወደ ጓዳ ገባ። ሌላ ዘንግ ይዞ ወጣ፤ በሌላኛው ጫፍ እያጉረመረመ ተቀመጠ። እሷም ቀይዋን በዘንጉ ጫፍ ቀስ አድርጋ እየነካች አንጎራጎረች፦

*ቡናዬን ጫሪልኝ፣ ደጁ ይኸውልሽ፣*
*ከሥዕሏ ዶሮ በምን ታንሻለሽ?*

ከአጥሩ ቀዳዳ የዲቦራ ፊት ብቅ አለ። «ወርቄ፣ ፈታሻቸው?»

«ፈታኋቸው።»

«ምነው? ባስልኤል እንደሆን ወሰነ። ከእንግዲህ ለማን ብለሽ?»

«ቀናሁ።»

ዲቦራ ዓይኗን ጣል አደረገች። «በኔ?»

«ባንቺማ ሰነበትኩ» አለች ወርቅአፈራሁ፣ ካርቶኑን በዘንጉ እያመለከተች። «በሷ ነው። በዚች፣ ጉቶ ላይ በማትታሰረው።»

ዲቦራ ካርቶኑን አየች፤ ከዚያ በቡናው መሀል ግራ ተጋብተው የሚንከራተቱትን ዘጠኙን። ፊቷ ከቀዳዳው ጠፋ። ማታ የዲቦራ ሳቅ አልተሰማም።

የቡና ገዢዎቹ በኅዳር ማብቂያ መጡ። በየጠረጴዛው ላይ የቆመው ወረቀት «ነፃ ዶሮ፣ የዲቦራ» ይላል አሉ። ያንን የሰማችበት ቀን ወርቅአፈራሁ ቁርስ አልበላችም። እንግዶቹ እያነበቡ ራሳቸውን ሲነቀንቁ፣ ፎቶ ሲያነሱ፣ አንዱ ለሌላው ሲያሳይ በዓይነ ልቦናዋ አየቻቸው፤ አየችና ዘንጓን ይዛ ወደ በርጩማዋ ሄደች። ዶሮዎቹ አሁን ክባቸውን ረስተዋል። ማልዳ በሩን ስትከፍት ሮጠው ነው የሚመጡት፤ እህሉንም ፊት ለፊታቸው መበተን ቀርቷል።

በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ጉሙ ገና ሳይነሳ፣ ከአጥሩ ማዶ የጭቃው ቤት በር ሲንቋቋ ሰማች። በቀዳዳው አጮለቀች። ዲቦራ በሩን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ ዘንግ ይዛ ቆማለች። አርባዎቹ ደፍ ላይ ተጨናንቀዋል፤ ብርሃኑን ፈርተዋል። ጀርባዋ የተላጠው አንድ እግሯን አንስታ በአየር ላይ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ መሬት ነካች። ሌሎቹ ተከተሏት። የቡናው ሥር ድንገት በነጭና በቀይ ተሞላ፤ አርባ ዶሮ፣ እየተደናበረ፣ እየሮጠ።

ዲቦራ ከሆዷ ሳቀች።

ወርቅአፈራሁ ቅጠሉን ለቀቀችው። የኔን ነገር ወሰደችብኝ፣ አለች በልቧ፤ ሃሳቡ የኔ ነበር፣ አሁን ደግሞ ያ ካርቶን እውነት ሊሆንላት ነው፣ የኔ ዘጠኝ የሷ አርባ። ቅናቱ እንደገና፣ ልክ እንደ መጀመሪያው ቀን፣ ጥርሷ መሀል ተሰነቀረ። ሆኖም ዘንጓን አንስታ ተጣራች።

«ዲቦራ! አንቺ ዲቦራ! በዚያ በኩል ያሉት ቡናሽ ላይ ወጡልሽ! ቆይ፣ መጣሁ!»

ቀሚሷን ሰብስባ፣ የሚሻገሩት ገመድ እንደሌለ ረስታ እግሯን እያነሳች፣ በቀዳዳው ሾለከች።